ባለ ተነቃይ ሰደፍ ሽጉጥ፦ አምራቹ ያልታወቀ ጥንታዊ መሣሪያ እንዴት ይመረመራል

ባለ ተነቃይ ሰደፍ ሽጉጥ በአንድ እጅ የሚተኮስ፣ ሲያስፈልግ ግን ከእጀታው ጀርባ ሰደፍ ተገጥሞለት በትከሻ ተደግፎ እንደ አጭር ጠመንጃ የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ቀደምት ሞዴሎቹ ለፈረሰኛ የታሰቡ ነበሩ፤ ፈረሰኛ በኮርቻ ላይ ሳለ አንድ እጁ ልጓም ስለሚይዝ ሽጉጥ ይቀለዋል፣ ሲወርድ ደግሞ ራቅ ያለ ዒላማ ለመምታት የትከሻ ድጋፍ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1855 የአሜሪካው ስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ለዚሁ ዓላማ ያወጣው፣ ከአፈሙዙ የሚጎርስ ባለ አንድ ተኩስ ሞዴል ወደ 4,000 ገደማ ብቻ በመሠራቱ ሰብሳቢዎች ዛሬም አጥብቀው ይፈልጉታል።

ከሁሉም የታወቀው የጀርመኑ ማውዘር ኩባንያ ከ1896 ጀምሮ በኦበርንዶርፍ ከተማ ያመረተው ነው። ካዝናው ከምላጩ ፊት ለፊት ተሠርቶ 10 ጥይት ይይዛል፤ አፎቱ ከእንጨት የተጠረበ ሲሆን፣ ሽጉጡ ሲመዘዝ የአፎቱ ጠባብ ጫፍ ላይ ያለው ብረት በእጀታው ጀርባ በተፈለፈለው ቦይ ገብቶ ይቆለፍና አፎቱ ራሱ ሰደፍ ይሆናል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን ጦር በ9 ሚሊ ሜትር የተሠሩት፣ ወታደሩ የሌሎቹን ማውዘሮች የ7.63 ሚሊ ሜትር ጥይት በስህተት እንዳያጎርስባቸው፣ በእጀታቸው ላይ ትልቅ 9 ቁጥር ተቀርጾ ቀይ ቀለም ተቀብቷል።

መነሻን ማወቅ የሚያስቸግረው ማውዘርን የመሰለ ሁሉ ማውዘር ስላልሆነ ነው። በስፔን የባስክ አገር ያሉ አምራቾች በ1920ዎቹ መልኩን ቀድተው በተለይ ለቻይና ገበያ በብዛት ሠርተዋል፤ ውስጡ ግን ይለያል። የማውዘሩ የመተኮሻ ክፍል ያለ ቡሎን ተጠላልፎ በአንድነት ተጎትቶ ሲወጣ፣ አስትራ የተባለው የስፔን ሞዴል በግራ ጎኑ ተንሸራታች መክደኛ አለው፤ መክደኛው ሲነሳ ክፍሎቹ በገላው ውስጥ እንዳሉ ይታያሉ። የቤልጂየሟ ልየዥ ከተማ ጉዳይ ደግሞ የበለጠ ያሳስታል። እዚያ በርሜሉን አንዱ፣ ሰደፉን ሌላው በየቤቱ እየሠራ በነጋዴ ስም ይሸጥ ስለነበር፣ በእንቁላል ቅርጽ ክብ ውስጥ የተመታው የከተማዋ ማህተም በርሜሉ በተኩስ ተፈትኖ ማለፉን እንጂ የሠሪውን ማንነት አይናገርም። ከማህተሙ በላይ ዘውድ ካለበት ግን መሣሪያው ከ1893 ወዲህ መፈተኑን ያመለክታል፤ ስም የሌለውን መሣሪያ ዘመን ለመገመት ከዚህ የሚሻል ምልክት ጥቂት ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የጣና ዳርቻ ከጦር መሣሪያ ጋር ያለው ትውውቅ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1543 ከሐይቁ በስተምሥራቅ ወይና ደጋ በተባለ ስፍራ በተደረገው ጦርነት የፖርቱጋል ነፍጠኞች ተሳትፈዋል፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ አሠርተዋል። ኋላም በጎጃምና በበጌምድር ውጅግራው፣ ምንሽሩና በልጅጉ ከአባት ለልጅ ሲወርድ ኖሯል። ስለዚህ በባሕር ዳር አንድ ቤተሰብ ከአያት የወረሰው ባለ ሰደፍ ሽጉጥ ቢኖረው፣ ከዘር የወረደው ቃልና ከብረቱ የሚነበበው ምልክት ሁለቱም መመዝገብ አለባቸው፤ ቃሉ መሣሪያው በማን እጅ እንደዋለ ሲናገር ምልክቱ የት እንደተሠራ ይናገራልና።

ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው በጽዳት ነው። የክረምቱ እርጥበት ብረትን ቶሎ ስለሚያዝግ ባለቤቶች በአሸዋ ወረቀት ይፈትጉታል፤ ከዝገቱ ጋር ማህተሙና መለያ ቁጥሩም ይጠፋሉ፣ ያንን መመለስም ለባለሙያ እንኳ አስቸጋሪ ነው። ማንኛውም ምርመራ መሣሪያው ጥይት እንዳልጎረሰ ፈቃድ ባለው ሰው ከተረጋገጠ በኋላ መጀመር አለበት፤ ከዚያም በለስላሳ ጨርቅ ስስ ዘይት መቀባትና ብረቱን እርጥበት ከሚይዝ የቆዳ አፎት አውጥቶ ማኖር ይበቃል። አሮጌነቱ ከሕግ ነጻ ያደርገዋል ብሎ ማሰብ አይገባም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ብቻ ይፈቅዳል፤ በቅርስነት የሚታይ ዕቃም ያለ ፈቃድ ከአገር መውጣት የለበትም።