«ዋጋው የናረ፣ ድምፁ ያማረ» እና ሌሎች የጆሮ ማዳመጫ ወሬዎች

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ የተላከለትን የጆሮ ማዳመጫ ይዞ ቤቴ መጣ። ድምፅ ማቀናበር እንጀራዬ ስለሆነ በቤተሰቡ ውስጥ የኤርፎን ጉዳይ ሁሉ ወደ እኔ ይመራል። «ተበላሽቶ የመጣ መሰለኝ፤ ስልኬ ላይ ስሰካው ይንሾካሾካል። ታክሲ ውስጥ ደግሞ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ዘፈኑን አብሮኝ ይሰማል» አለኝ። ዕቃው ምንም አልሆነም። ጀርባው ክፍት የሆነ፣ 300 ኦም የተጻፈበት (ኦም ማዳመጫው ለኤሌክትሪክ ያለውን ተቃውሞ ይለካል፤ ቁጥሩ ሲበዛ የስልክ ጉልበት ላይበቃው ይችላል)፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ከአምፕሊፋየር፣ ማለትም ከድምፅ ማጉያ፣ ጋር ተያይዞ እንዲደመጥ የተሠራ ማዳመጫ ነው። የላከለት ዘመዱ «ከሁሉ ምርጡን» ብሎ መርጦ ገዝቶለታል። ምርጥነቱ እውነት ነው፤ የተሠራው ግን ለሚኒባስ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ምክር ለሚጠይቀኝ ሰው «ስንት ብር ይዘሃል?» ከማለቴ በፊት «የት ሆነህ፣ በምን ስልክ፣ ምን ትሰማለህ?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ በመልስ ፋንታ የሚመጣልኝ ከሚከተሉት አንዱ ነው።

«ዋጋው የናረ፣ ድምፁ ያማረ ነው»

እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የአኩስቲክስ ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት 283 የጆሮ ማዳመጫዎችን ለክቶ ነበር። የለካው እያንዳንዱ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በምን ሚዛን እንደሚያወጣ ነው። ልኬቱ ከዋጋቸው ጋር ሲነጻጸር ይህ ነው የሚባል ዝምድና አልተገኘም። ታዲያ ገንዘቡ የት ይሄዳል? ወደ ትራሱ ልስላሴ፣ ወደ ማጠፊያው ጥንካሬ፣ ወደ ማይክሮፎኑ፣ ጫጫታ ወደሚቀንሰው ቺፕ፣ ከዚያም ወደ ማስታወቂያውና ወደ ስሙ። ቀን ሙሉ በስልክ ለሚሠራ ሰው ማይክሮፎኑና ትራሱ ገንዘብ ቢወጣባቸው አያስቆጭም፤ አልከራከርም። ሙዚቃ ብቻ ለሚሰማ ግን ግማሹ ክፍያ ለማይጠቀምበት ነገር ይሆናል።

ሶኒ ኤምዲአር 7506 የተባለው ማዳመጫ እ.ኤ.አ. በ1991 ወጥቶ ዛሬም ይሸጣል። በውጭ ገበያ ዋጋው 100 ዶላር ገደማ ነው፤ በስቱዲዮና በሬዲዮ ጣቢያዎች ውስጥ ያልተንጠለጠለበት ቦታ የለም። መልኩ ለፎቶ አይሆንም፤ ገመዱ እንደ ድሮ የቤት ስልክ የተጠቀለለ ነው። ትራሱ ሲያረጅ ለብቻው ተገዝቶ ይቀየራል። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ መልኩን ሳይለውጥ የሚሸጠው ኮስ ፖርታ ፕሮ የተባለው ማዳመጫም በግማሹ ዋጋ ብዙዎችን ያስደስታል።

ርካሽ ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ ግን አይደለም። በጣም ታች ስንወርድ የግራውና የቀኙ ድምፅ እኩል አይወጣም፣ ገመዱም ከመሰኪያው ሥር ቶሎ ይበጠሳል። መደብር ውስጥ ይህን ለማወቅ አንድ ሰው ብቻውን የሚናገርበትን ቅጂ መክፈት ይበቃል። ድምፁ ጭንቅላታችን መካከል ካልተቀመጠና ወደ አንድ ጆሮ ካዘነበለ ይዞ መውጣት አያስፈልግም።

«ቤዙ ከመታ ሌላው ትርፍ ነው»

ሻጩ ሊያሳምነን ሲፈልግ የሚከፍተው ዘፈን ይታወቃል። ቤዙ ደረት የሚደልቅ፣ ድምፁም ከሌላው ዕቃ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ጆሯችን ደግሞ ከፍ ያለውን ሁሉ «የተሻለ» ብሎ ይፈርዳል። ስለዚህ ሁለት ዕቃ ስናወዳድር መጀመሪያ ድምፃቸውን እኩል እናድርግ፤ የሻጩን ትተን በቃላችን የምናውቀውን ዘፈን እንክፈት።

እኔ በገና ይዤ ነው የምሄደው፤ ስልኬ ውስጥ ማለቴ ነው። በገና አሥር አውታሮች አሉት፤ በየአውታሩ ሥር የምትገባው የቆዳ እንዚራ ያን የታወቀውን ጥዝ የሚል ድምፅ ትሰጠዋለች። ታች ያለው ወፍራም ድምፅና ከላዩ የሚንዘረዘረው ጥዝታ አንድ ላይ ናቸው በገናን በገና የሚያሰኙት። ቤዙ የተጋነነበት ማዳመጫ ጥዝታውን ይውጠውና የሩቅ ሞተር ያስመስለዋል። ቀጭኑ ድምፅ የበዛበት ደግሞ ጥዝታውን ብቻ አስቀርቶ ንብ ያደርገዋል። ቀጥሎ ከበሮ አዳምጣለሁ። ከበሮ ሰፊና ጠባብ ሁለት ፊት አለው። ሰፊው ሲመታና ጠባቡ ሲመታ ተለይተው ካልተሰሙኝ፣ ሁለቱም «ዱብ» ብቻ ከሆኑብኝ፣ ያ ቤዝ ብዛት እንጂ ጥራት የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ምናልባት ከዚህ ሁሉ ጠቃሚው ይህ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገቡ ኤርፎኖች አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት መጠን የጎማ ጫፎች ጋር ይመጣሉ። ሰው መካከለኛው እንደተገጠመ ይጠቀምና የቀሩትን ከካርቶኑ ጋር ይጥላቸዋል። ጎማው ጥብቅ ብሎ ካልገጠመ ወፍራሙ ድምፅ ሾልኮ ይወጣል፤ የቀረው ደረቅና ጩኸታም ይሆናል። «ቤዝ የለውም» ተብለው ከተሰጡኝ ኤርፎኖች ጥቂት የማይባሉት ጎማቸው ሲቀየር ድነዋል። የሁለቱ ጆሮዎች ቀዳዳ መጠን ላይመሳሰል ስለሚችልም ለግራ ትልቁን፣ ለቀኝ መካከለኛውን ማድረግ ነውር የለውም።

«ጫጫታ የሚያጠፋ ከሆነ ምንም አይሰማም»

የድምፅ ዕቃ አምራቹ የቦስ ኩባንያ መሥራች አማር ቦስ እ.ኤ.አ. በ1978 ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ሲበር የአውሮፕላኑ ሞተር የማዳመጫውን ድምፅ ቢያበላሽበት ነው ጫጫታ የሚያጠፋ ማዳመጫ የመሥራት ሐሳብ የመጣለት ይባላል። ማይክሮፎኑ የውጭውን ድምፅ ይቀበላል፤ ማዳመጫው የዚያን ተቃራኒ ሞገድ ያወጣል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። ዘዴው የሚሳካው ግን በአብዛኛው ወፍራምና ሳይቋረጥ በሚያጓራ ድምፅ ላይ ነው። የአውሮፕላን ሞተርን፣ የጎረቤት ጄኔሬተርን፣ የአውቶቡስን ጉርምርምታ አሳንሶ ይጥለዋል። «ቦሌ! ቦሌ!» የሚለውን የታክሲ ረዳት፣ ጡሩምባን፣ የሕፃን ልቅሶን ግን ያለዝባቸው ይሆናል እንጂ አያስቀራቸውም። ቀጭንና ድንገተኛ ድምፅን በይበልጥ የሚከላከለው በሚገባ የገጠመ ጎማ ወይም ጆሮን የሚሸፍን ትራስ ነው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ይህ ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ነው። ጸጥ ባለ መኝታ ቤት ለሚያዳምጥ ግን ከንቱ ወጪ ነው።

«ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ይናገራል»

«ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» የሚለው ጽሑፍ የማይታይበት ሳጥን የለም፤ በየመንገዱ የሚሸጠውም ላይ አለ። ይህ ጤናማ የወጣት ጆሮ የሚሰማው ክልል ነው፤ ማዳመጫው በዚያ ክልል ውስጥ ምን ያህል ሚዛኑን እንደሚጠብቅ ግን አይነግረንም። የድምፅ ማውጫው ስፋት 50 ሚሊ ሜትር መሆኑም ከ40ው ይሻላል ማለት አይደለም። ልናየው የሚገባን ቁጥር ኦሙ ነው፤ በስልክ ለሚያዳምጥ ሰው 32 ወይም ከዚያ በታች ጥሩ መነሻ ነው። 250 እና 300 የሚሉትን አምፕሊፋየር ላለው እንተውለት።

«ባለገመድ ጊዜው አልፎበታል»

አይፎን እ.ኤ.አ. በ2016 የክብ መሰኪያውን ካስወገደ ወዲህ ይህ ወሬ በርትቷል። ገመድ አልባው ለስፖርት፣ ለእግር ጉዞ፣ እጅ ሥራ ይዞ ለማውራት ወደር የለውም። ነገር ግን በውስጡ ያለው ትንሽ ባትሪ ከዓመታት በኋላ ይደክማል፤ በአብዛኞቹ ላይ መቀየርም አይቻልም። ባለገመዱ ገመዱ እስካለ ይኖራል፤ ለተማሪና እያንዳንዷን ብር ለሚቆጥር ሰው በእኩል ዋጋ የተሻለ ድምፅ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። የመሰኪያ መቀየሪያ ስንገዛ ብቻ በራሳችን ስልክ እንሞክረው፤ ሁሉም መቀየሪያ ከሁሉም ስልክ ጋር አይሠራም።

ሌላም አለ። ድምፅን በተሻለ ጥራት ለማስተላለፍ በተሠራው፣ ኤልዳክ (LDAC) በሚባለው የብሉቱዝ ዘዴ ስም ተጨማሪ ብር ከፍለው በአይፎን የሚያዳምጡ ሰዎች አሉ። አይፎን ኤልዳክን አያውቀውም። ያ ገንዘብ ወንዝ ገብቷል።

«ስልኩ ላይ ምስሉ ብቅ ካለ ኦሪጅናል ነው»

አይደለም። የአፕል ገመድ አልባ ኤርፎን (ኤርፖድ) ሳጥን ሲከፈት አይፎን ላይ ብቅ የሚለውን ምስል ኮፒዎቹም ያወጡታል፤ የመለያ ቁጥሩም ከእውነተኛው ላይ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። በዋጋው አንድ አሥረኛ የቀረበ ታዋቂ ስም ከሚገዛ፣ በራሱ ስም በሐቅ የሚሸጥ ብዙ የማይታወቅ ዕቃ ይሻላል።

«ጥራት ያለው ማዳመጫ ጆሮ አይጎዳም»

ጆሮን የሚጎዳው የድምፁ መጠንና የጊዜው ርዝመት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ይፈቅዳል። መጠኑ ወደ 90 ሲወጣ ጊዜው ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። አሥር ነጥብ ብቻ ነው የጨመረው! ጥሩ ማዳመጫ የሚያግዘን በተዘዋዋሪ ነው፤ የውጭውን ጫጫታ ከከለከለ ድምፁን ለመጨመር አንገደድም። ታክሲ ውስጥ ባልገጠመ ኤርፎን ከረዳቱና ከጡሩምባው ጋር የሚፎካከር ሰው ግን ሳያውቀው በየቀኑ ጫፍ ላይ ነው።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ዕቃውን እኔ ዘንድ ትቶት ሄደ፤ አሁን ስቱዲዮዬ ውስጥ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ተያይዞ በገና ይሰማበታል። በምትኩ ዋጋው የዚያን አንድ አምስተኛ የማይሞላ ባለገመድ ኤርፎን ገዛሁለት። በሁለተኛው ቀን «ቤዝ የለውም» ብሎ ደወለልኝ። ትልቁን ጎማ ከካርቶኑ ውስጥ አውጥቶ እስኪገጥመው ድረስ ስልኩን አልዘጋሁም።