የፎልክሊንገን ብረት ማቅለጫ

ፎልክሊንገን በጀርመን ምዕራብ ጫፍ፣ ፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ያለች ከተማ ናት። በዛር ወንዝ ዳር ተቀምጣለች፤ ስሙ ከእኛው ዛር ጋር ዝምድና የለውም። ከተማዋን ያሳወቃት ግን ብረት ማቅለጫው ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1873 ዩልዩስ ቡኽ የተባለ መሐንዲስ እዚህ የብረት ፋብሪካ ከፈተ። ስድስት ዓመት ሠርቶ ተዘጋ። በ1881 ካርል ሬኽሊንግ ገዛውና በ1883 የመጀመሪያው ምድጃ ተለኮሰ። ከዚያማ ማን ያቁመው! በ1890 የሕንፃ ብረት ቢም በማምረት ከጀርመን አንደኛ ሆነ።

በኋላ ስድስት ምድጃዎች ተርታቸውን ይዘው ቆሙ። አሠራሩ ዛሬም ያስደምማል። የብረት አፈሩና ኮክ የሚባለው ከሰል በሐዲድ ላይ በተንጠለጠሉ ባልዲዎች ሽቅብ ይወጣ ነበር። 27 ሜትር ከፍታ ላይ ሠራተኞች ተቀብለው ምድጃው አፍ ውስጥ ይገለብጡት ነበር። ቦታው ያቃጥል ነበር፤ ከምድጃው የሚያፈተልከው መርዘኛ ጋዝ ደግሞ ሽታ እንኳ አልነበረውም። ዋናው ጋዝ ግን ባክኖ አይቀርም ነበር። ተጣርቶ ግዙፍ ሞተሮችን ያንቀሳቅስ ነበር፤ እነሱም መልሰው ለምድጃው አየር ይነፉለት ነበር። ወናፍ የሚነፋ ባለእጅ ቢያየው ሐሳቡ ወዲያው ይገባዋል።

በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ድርጅቱን የመራው የካርል ልጅ ሄርማን ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ12,000 በላይ ሰዎች በግዳጅ ሠርተውበታል። 261 የሚሆኑት ሞቱ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። ከጦርነቱ በኋላ ፈረንሳይ በያዘችው የጀርመን ክፍል ያስቻለ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ሄርማንን በጦር ወንጀል ፈረደበት። በ1951 ተፈታ። ለከተማው እንጀራ የሰጠ ሰው ነው የሚሉ አልጠፉም፤ በስሙ የተጠራው ሰፈርም ለዓመታት አከራክሯል። ፍርዱ ግን ፍርድ ነው።

በ1965 ሠራተኞቹ 17,000 ደረሱ። ከዚያ በብረት ገበያው መቀዝቀዝ ሥራው እየሳሳ ሄዶ በ1986 የምድጃዎቹ እሳት ጠፋ። በ1994 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ ዛሬ ሙዚየምና የኤግዚቢሽን ቦታ ነው። በከተማዋ ብረት ሥራ ግን አልቆመም። በአቅራቢያዋ ባለችው ዲሊንገን ከተማ የቀለጠ ብረት፣ ገና እንደጋለ፣ በባቡር ተጭኖ ወደ ፎልክሊንገን የአረብ ብረት ፋብሪካ ይመጣል።