ግድግዳ ማፍረስ ፈጠራን ይጨምራል?

«ክፍት ቢሮ» ሲባል ብዙ አለቆች ግድግዳው ከፈረሰ ሠራተኛው ይቀራረባል፣ አዲስ ሐሳብም ይፈልቃል ብለው ያስባሉ። ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት ወደ ክፍት ቢሮ የገቡ ሁለት ትልልቅ ድርጅቶችን ተከታትሏል። የፊት ለፊት ንግግር 70 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ኢሜይሉ በዛ። አይገርምም። ሁሉም እየሰማ ማን ያልበሰለ ሐሳብ ያወራል? ኢርፎኑን ሰክቶ አንገቱን ይደፋል።

ስሜትስ ፈጠራን ይነካል? የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ አሊስ አይዘንና ባልደረቦቿ በ1987 ያሳተሙትን ሙከራ በጣም እወደዋለሁ። ለተሳታፊዎች ሻማ፣ ክብሪትና አንድ ሳጥን ስፒል ሰጧቸው። ሰሙ ወለል ላይ ሳይንጠባጠብ ሻማውን ግድግዳው ላይ አብሩት ተባሉ። መፍትሔው ሳጥኑን ባዶ አድርጎ ግድግዳው ላይ በስፒል ማያያዝ፣ ሻማውንም እሱ ላይ ማቆም ነው። አስቀድመው አጭር የኮሜዲ ፊልም ያዩት ከሌሎቹ በጣም በልጠው መፍትሔውን አገኙት። ዘና ያለ አእምሮ ሳጥኑን የስፒል መያዣ ብቻ አድርጎ አያየውም።

ስለዚህ ቢሮ የምታድሱ ከሆነ፣ ከሶፋውና ከቀለሙ በፊት በር የሚዘጋ አንድ ሁለት ክፍል አስቀሩ። ሐሳብ ያመጣን ሰውም በሰው ፊት አታሸማቅቁ።