«እንደገና ያጠምቁሃል» ለሚሉህ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁሉም ሰው አንድ አማካሪ ያለው ይመስለኛል። የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ግራ የገባው ወጣት እኛ ካቶሊኮቹ ጋ ብቅ ሲል የመጀመሪያ ጥያቄው «እንደገና ልታጠምቁኝ ነው አይደል?» ነው። ትምህርተ ክርስቶስ አስተምራለሁ፤ ሰለቸኝ።

አናጠምቅህም። ጸሎተ ሃይማኖት ላይ «በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» እያልን ሁለተኛ ከየት እናመጣለን?

አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። ኦርቶዶክስ ናት፤ በ80 ቀኗ ክርስትና ተነስታለች። ካቶሊክ ልታገባ ነው። እናትየው «ልጄን ውሃ ልትነክሩብኝ?» አሉኝ። ኧረ እናቴ፣ ማንም አይነካትም! ያኔ ሜሮንም ተቀብታለች፤ እሱም አይደገምም። ካቶሊክ ልሁን ካለች እምነቷን ትመሰክራለች፣ በቃ። የግዕዝ ሥርዓቷንም ይዛ ትገባለች።

ደግሞ ለጋብቻ ብላ መግባት ማን አስገደዳት? ኦርቶዶክስ እንደሆነች በጳጳሱ ፈቃድ መጋባት ይችላሉ። ልጆቹን በእምነቱ ለማሳደግ የቻለውን እንደሚያደርግ ቃል የሚገባው ካቶሊኩ ነው። ሠርግ ወር ሲቀረው «ሃይማኖት ልቀይር» የሚለኝን ሰው፣ ሠርግህን ጨርሰህ ተመለስ እለዋለሁ። ብዙዎቹ አይመለሱም።

ከመካነ ኢየሱስ ወይም ከቃለ ሕይወት የመጣውም በውሃ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ከተጠመቀ አይጠመቅም። ይማራል፣ ሜሮን ይቀባል። ኦንሊ ጂሰስ የምንላቸው ጋ «በኢየሱስ ስም» ብቻ የተጠመቀ ግን ይጠመቃል። በእኛ ዘንድ ያ የመጀመሪያው ነው።

«ካቶሊክ የፈረንጅ ነው» ለሚሉ፦ አንድ እሑድ የግዕዝ ቅዳሴያችን ላይ ቁሙ። በ1855 እ.ኤ.አ. ለካቶሊክ እምነታቸው በሰንሰለት ታስረው ያረፉት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል የጎጃም መነኩሴ ነበሩ።

«ሌሎቹን ክርስቲያን አይደሉም ትላላችሁ» ለሚሉ፦ የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ የሆነው ሁለተኛው ቫቲካን በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያኖች አንድነት ያወጣው ሰነድ ወንድሞች ይላቸዋል።

«ለብሎኬ የሚቀርበውን እገባለሁ» የሚል ደግሞ አለ። ወንድሜ፣ ታክሲ ስለጠፋ ሃይማኖት አይመረጥም። እውነት የምትለው የቱን ነው? እሱን ጠይቅ፤ ጊዜ ወስደህ፣ እየጸለይክ። ማንንም አስገድዶ ማስገባት በእኛም ሕግ ክልክል ነው።

ስትመጣ የጥምቀት ወረቀትህን ይዘህ ና። ከሌለህ የክርስትና አባትህን ወይም ስትጠመቅ የነበረ ሰው አምጣ። ወረቀቱም ምስክሩም ጠፍቶ፣ ተጣርቶም ጥርጣሬው ካልለቀቀ ብቻ፣ ቄሱ «ካልተጠመቅክ» የሚል ቃል ጨምረው ያጠምቁሃል።