ተንቀሳቃሽ ፒቺንግ ረበር ምንድን ነው? ሐዋሳ ሜዳ ላይስ እንዴት ይተከላል?

ሶፍትቦል፣ ቤዝቦልን የሚመስለውና ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ፣ ኳሱ የሚወረወረው ከታች ነው። ፒቸሯ፣ ማለትም ኳሱን ለመቺዋ የምትወረውረው ልጅ፣ ክንዷን ሙሉ ክብ አዙራ እጇ ዳሌዋ አጠገብ ሲደርስ ኳሱን ትለቀዋለች። ጉልበቱ ግን የሚነሳው ከእግር ነው። በቀኝ እጇ የምትወረውር ልጅ በቀኝ እግሯ መሬት ላይ ያለ ሰሌዳ ገፍታ ወደ ፊት ትወረወራለች። ያ ሰሌዳ ፒቺንግ ረበር ይባላል።

ርዝመቱ 61 ሴ.ሜ፣ ወርዱ 15 ሴ.ሜ ገደማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከነጭ ጎማ ይሠራል። በደንቡ መሠረት የላይኛው ፊቱ ከመሬቱ እኩል መሆን አለበት። ቤዝቦል ላይ ፒቸሩ ጉብታ ላይ ቆሞ ይወረውራል፤ ሶፍትቦል ላይ ግን ጉብታ የለም። ስለዚህ ለቤዝቦል የተሠራ ተንቀሳቃሽ ጉብታ በቅናሽ ቢገኝ እንኳ ይቅርባችሁ። ልጆቹ ቁልቁል መርገጥ ይለምዱና ደልዳላ ሜዳ ላይ ይቸገራሉ።

የራሱ ሜዳ ያለው ቡድን ረበሩን ቀብሮ ይተወዋል። እኛ ጋ ሜዳው የጋራ ነው። ልምምድ ስንጨርስ የሰፈሩ ልጆች ኳስ ይዘው ይገባሉ፣ ግማሾቹ በባዶ እግራቸው። ስለዚህ የሚተከልና የሚነቀል ረበር ያስፈልጋል። ተንቀሳቃሽ የሚባለውም ይሄው ነው።

ገበያ ላይ ያለው በሦስት ይከፈላል። አንደኛው መሬት ላይ ዝም ብሎ የሚነጠፍ ስስ ጎማ ነው። ሁለተኛው ቀዳዳ ያለውና በሚስማር ወይም በካስማ የሚያዝ ነው። ሦስተኛው ረዘም ካለ ምንጣፍ ጋር የተያያዘ ነው። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ አይቶ ይመርጣል። እኔ ግን መጀመሪያ መሬታችሁን እዩ እላለሁ። የረበሩ ጥራት የሚለካው ሲገፋ ባለመንቀሳቀሱ ነውና።

ለምን ይንቀሳቀሳል? ልጅቷ ወደ ፊት ስትወረወር ረበሩን ወደ ኋላ፣ ወደ ሁለተኛ ቤዝ (ሯጮች የሚረግጡት ከጀርባዋ ያለው ምልክት) ነው የምትገፋው። ያልተያዘ ረበር በዚያው አቅጣጫ ይንሸራተታል። የሁለት ጣት ያህል ብቻ ቢንሸራተት እንኳ እግሯ መደገፊያ ያጣል፤ ጉልበቷና ብሽሽቷ ላይ ጫና ይመጣል። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ኃይሏን አታወጣም። መሬቱን አታምነውማ! አሰልጣኙ «ግፊ እንጂ!» እያለ ይጮሃል፤ ችግሩ ያለው ግን እግሯ ሥር ነው።

የሐዋሳ አፈር ደግሞ ቀላል አይደለም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለሆንን አፈራችን እሳተ ገሞራ የወለደው ነው፤ ብዙ ቦታ ላይ አሸዋማና ልል ነው። በበጋ ይቦናል። አጭር ሚስማር እዚህ አይያዝም። ገና ከጥቂት ውርወራ በኋላ ቀዳዳው ይሰፋና ረበሩ መወላወል ይጀምራል። ስለዚህ ረዘም ያለ ካስማ ፈልጉ። ከ25 እስከ 30 ሴ.ሜ ሆኖ የተቆረጠ ፌሮ፣ ጫፉ ሾሎ ራሱ ላይ ሮንዴላ ከተበየደለት፣ ጥሩ ይሠራል። ማንም ብረት በያጅ ይሠራላችኋል።

አተካከሉ እንዲህ ነው። የረበሩን ቅርጽ መሬቱ ላይ አስምሩ። በውፍረቱ ልክ ቆፍሩ። አፈሩን ውኃ ረጭ ረጭ አድርጉበትና በእግራችሁ ጠቅጥቁት። ረበሩ ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ከኋላው ያለው የአፈር ግድግዳ ራሱ ይደግፈዋል፤ ካስማ ብቻውን ከሚይዘው የተሻለ ነው። ከዚያ ካስማዎቹን ትንሽ አዘንብላችሁ ምቱ፤ ራሳቸው ወደ ሆም ፕሌት (መቺዋ አጠገቡ ወደምትቆምበት ሰሌዳ)፣ ሹል ጫፋቸው ወደ ሁለተኛ ቤዝ። እንዲህ ሲሆን ግፊቱ ካስማውን ይበልጥ ወደ መሬት ያስገባዋል። ራሱ ከጎማው በላይ ብቅ ካለ ግን ጫማ ይይዛል፤ ቀዳዳውን ከላይ ሰፋ አድርጋችሁ አስቀብሩት።

ፈተናው ቀላል ነው። ከረበሩ ፊት ለፊት ጠርዙን ተከትላችሁ በኖራ መስመር አስምሩ። ልጅቷ ጥቂት ኳስ ትወርውር። በመስመሩና በረበሩ መካከል ክፍተት ከታየ ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው። ነቅላችሁ እንደገና ትከሉ።

ተገዝቶ የሚመጣው ውድ ከሆነባችሁ እዚሁ ማሠራት ይቻላል። በረባሶ የሚሠሩ ሰዎች ጎማ መቁረጥ ያውቁበታል። ግን የመኪና ጎማ መሬት የሚረግጠው ክፍሉ ብዙ ጊዜ ውስጡ ቀጫጭን ሽቦ አለው፤ ተቆርጦ ብቅ ያለ ሽቦ ቁርጭምጭሚት ይቀድዳል። ሽቦ የሌለው ጎማ ምረጡና ወፍራም ጣውላ ላይ በቡሎን አሳስሩት። ጎማው ብቻውን ይጎብጣል፤ ጣውላው ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል።

ሲሚንቶ ላይ የምትለማመዱ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ካስማ አይገባም። ስስ ጎማውን አቧራ ያለበት ሲሚንቶ ላይ ማንጠፍ ደግሞ አደጋ ነው። ምንጣፍ ያለውን ያዙ፤ 3 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ይሻላል። የምታርፍበት እግሯም እዚያው ምንጣፍ ላይ ስለሚወድቅ የራሷ ክብደት ይይዘዋል። ከማንጠፋችሁ በፊት ሲሚንቶውን በደንብ ጥረጉ። ጎንና ጎኑ ላይ አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ብታስቀምጡ ጥሩ ነው፤ እግሯ በሚያልፍበት በኩል ግን አይሁን።

ከሆም ፕሌት እስከ ረበሩ ያለውን ርቀት በግምት አታድርጉ። ለሴቶች 13.11 ሜትር፣ ለወንዶች 14.02 ሜትር ነው። ለሕፃናት ያጥራል፤ አሜሪካ ውስጥ ከ12 ዓመት በታች ላሉ 12.19፣ ከ10 በታች ላሉ 10.67 ሜትር ይሰጣሉ። የሚለካው ከሆም ፕሌት የኋላ ሹል ጫፍ እስከ ረበሩ የፊት ጠርዝ ነው። ከሆም ፕሌቱ ፊት ከለካችሁ 43 ሴ.ሜ ትርፍ ይመጣል፤ ልጆቹም በተሳሳተ ርቀት ይለማመዳሉ። በልኩ የተቋጠረ ሲባጎ ቦርሳ ውስጥ ይኑራችሁ። ሁለት ሰው ይዞት በአንድ ደቂቃ ይጨርሳል።

ውርወራው ሲበዛ ረበሩን ገፍቶ የሚጎተተው እግር ከረበሩ ፊት ጉድጓድ ይሠራል። ካልሞላችሁት ጠርዙ ከፍ ብሎ ይቀራል፣ እግር ይመታል። በየመሀሉ አፈር መልሱበት፣ ጠቅጥቁት። ሲያበቃ ካስማዎቹን ቆጥራችሁ ነቅሉ፤ አንድም ፌሮ መሬት ውስጥ አይቅር። ጉድጓዱን ደፍናችሁ ሜዳውን ለባለኳሶቹ ልቀቁ።