«ልጅ ቶሎ ይለምዳል» እና ሌሎችም፦ ከትንንሽ ልጆች ጋር ውጭ አገር ለገባ ቤተሰብ የሚሰጡ የተሳሳቱ ምክሮች

ትንንሽ ልጆች ይዞ ውጭ አገር የገባ ቤተሰብ ሻንጣውን ሳይፈታ ምክር ይጎርፍለታል። አብዛኛው መካሪ ደግሞ ልጅ ይዞ አገር ቀይሮ አያውቅም።

«ልጅ አይደል? ቋንቋውን በሦስት ወር ይጨርሰዋል።»

በድምፅ አወጣጥ ልጅን የሚያህል የለም፣ እውነት ነው። ፍጥነቱ ላይ ግን አይደለም። የልጆች ቋንቋ ተመራማሪዋ ካትሪን ስኖው ከባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመችው ጥናት ኔዘርላንድስ ገብተው ደች የሚማሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን ተከታትላ ነበር። ቶሎ የገፉት ከ12 እስከ 15 ዓመት ያሉት ናቸው። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉት ዝቅተኛውን ውጤት አመጡ። ስለዚህ የአራት ዓመቱን ልጅ ከታላቁ ጋር አታወዳድሩት።

በዚያ ላይ የጨዋታ ቋንቋና የትምህርት ቋንቋ ለየቅል ናቸው። ካናዳ ውስጥ የስደተኛ ልጆችን ያጠናው ጂም ከሚንስ እንዳሳየው የጨዋታው ሁለት ዓመት ገደማ፣ የትምህርቱ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር እየሳቀ ሲያወራ ያየ መምህር «ችሏል» ብሎ የቋንቋ ድጋፉን ላቁም ቢላችሁ እሺ ለማለት አትቸኩሉ።

«ትምህርት ቤት ዝም ካለ ችግር አለበት።»

ብዙ ልጆች አዲስ ቋንቋ ውስጥ ሲገቡ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ዝም ይላሉ። እየሰሙ ነው። ቤት ውስጥ እንደ ድሮው የሚያወራ ከሆነ፣ በምልክትም ቢሆን ከልጆች ጋር የሚጫወት ከሆነ ጊዜ ስጡት። ቤትም ዝም ካለ፣ ወይም በፊት የሚናገረውን ከተወ ግን ሐኪም ይየው።

«ቤትም በአዲሱ አገር ቋንቋ አውሩት፣ ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል።»

ይሄኛው ያናድደኛል፣ ምክንያቱም የሚያስከፍለው ብዙ ነው። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን አያምታታም፣ ንግግሩንም አያዘገይም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱን ቢቀላቅል የተለመደ ነገር ነው። ስንት ቃል ያውቃል ብላችሁ ከቆጠራችሁ የሁለቱንም ደምሩ።

በደንብ በማትችሉት ቋንቋ ልጅ ስታሳድጉ ምን እንደሚተርፍ አስቡት፤ «ብላ፣ ተኛ፣ ተው» ይተርፋል እንጂ ተረቱ፣ ቀልዱ፣ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ የምትሰጡት ረጅም መልስ ሁሉ ይጠፋል። በእናቱ ቋንቋ ግማሽና ሩብ ምን እንደሆነ የገባው ልጅ ትምህርት ቤት አዲሱን ቃል ብቻ ነው የሚይዘው። ቋንቋው ደግሞ ካልተነገረ በትንሽ ልጅ ላይ ቶሎ ይጠፋል፣ መልሶ ማምጣቱም አድካሚ ነው። በአዲሱ አገር ቋንቋ ቢመልስላችሁም እናንተ በራሳችሁ ቋንቋ ቀጥሉ።

(ልጁ የአዲሱን አገር ቋንቋ ሲችል ደግሞ ሐኪም ቤት አስተርጓሚ አታድርጉት። የወላጁን ሕመም መሸከም የልጅ ሥራ አይደለም፤ አስተርጓሚ መኖሩን ጠይቁ።)

«ትንሽ ስለሆነ አይገባውም።»

ይገባዋል፣ በቃል መናገር ነው የሚያቅተው። አልጋ ላይ መሽናት ያቆመው ልጅ እንደገና ይጀምራል፣ ሌሊት ይባንናል፣ መታጠቢያ ቤት ድረስ ይከተላችኋል። አትቅጡት፣ አታሳፍሩት። የመኝታና የምግብ ሰዓቱ ሲረጋ አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል፤ ካልቀነሰ ሐኪም አማክሩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የእንቅልፍ መዛባት ግን የሰዓት ልዩነቱ ነው፤ ሰውነት ለአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። ቀን ቀን ብርሃን ላይ ይዋል። አሮጌ አሻንጉሊቱንም «እዚያ አዲስ እንገዛለን» ብላችሁ አትጣሉበት።

«የመጀመሪያው ወር ካለፈ አለፈ።»

ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ወር ቀላሉ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ካለርቮ ኦበርግ እ.ኤ.አ. በ1960 እንደጻፈው መጀመሪያ ሁሉ ነገር ያስደስታል፣ ብስጭቱና ናፍቆቱ የሚመጣው የዕለት ኑሮ ሲጀመር ነው። ሁሉም ሰው በዚህ ቅደም ተከተል አያልፍም። ቤት ከልጅ ጋር የሚውለው ወላጅ ግን ብዙ ጊዜ ክፉኛ ብቸኛ ይሆናል፤ ሥራ የሚሄደው ቢያንስ የሚያወራው ሰው ያገኛል። ተራ ግቡ። በሳምንት አንድ ከሰዓት እንኳ ልጆቹን አንዱ ይያዝና ሌላው ለብቻው ይውጣ፣ ቋንቋ ይማር፣ ወይ ዝም ብሎ ይተኛ።