የአበባን ወንዴና ሴቴ ክፍል የሚያዝዙ ጂኖች

አንድ የጎመንዘር አበባ ቀጥፋችሁ ከውጭ ወደ ውስጥ በታትኑት። አራት ዙር ታገኛላችሁ። መጀመሪያ 4 አረንጓዴ ሽፋን፣ ቀጥሎ 4 ቢጫ ፔታል (ባለቀለሙ የአበባ ቅጠል)፣ ከዚያ ብናኝ የተሸከሙ 6 የወንዴ ዘንጎች (2ቱ አጠር ያሉ ናቸው)፣ መሃል ላይ ሴቴዋ። የትኛው ዙር ምን እንደሚሆን የሚወስኑት ጂኖች ናቸው።

ጀርመናዊው ገጣሚ ጎተ በ1790 እ.ኤ.አ. የአበባ ክፍሎች የተለወጡ ቅጠሎች ናቸው ብሎ ጽፎ ነበር። ምስጢሩ በደንብ የተገለጠው ግን በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ተመራማሪዎቹ ኤንሪኮ ኮኤን ስናፕድራገን የምትባለውን የጌጥ አበባ፣ ኤሊዮት ማየሮዊትዝ ደግሞ አራቢዶፕሲስ የምትባል ትንሽ ተክል ይዘው አንድ መልስ ላይ ደረሱ፤ ሥራውን የሚከፋፈሉት ኤ፣ ቢ እና ሲ የተባሉ ሦስት የጂን ቡድኖች ናቸውና ኤቢሲ ተባለ። ኤ ብቻውን ሽፋን ይሠራል። ኤ ከቢ ጋር ፔታል፣ ቢ ከሲ ጋር ወንዴ፣ ሲ ብቻውን ሴቴ። ኤ እና ሲ አንድ ቦታ አይስማሙም፤ አንዱ ካለ ሌላው የለም። በቃ፣ ይኸው ነው። እንዲህ ቀላል መሆኑ ራሱ ይገርማል።

አራቢዶፕሲስ የጎመንዘር ዘመድ ነች። በሰሜን ተራሮቻችንም በዱር ትበቅላለች፤ ይህን የሚያነሳልን ሰው ግን ብዙ የለም።

የሲ ጂን በእሷ ላይ አጋመስ ይባላል፤ በግሪክኛ «ጋብቻ የለሽ» እንደማለት ነው። ስሙ ጂኑ ሲበላሽ ከሚሆነው የመጣ ነው። ወንዴዎቹ ፔታል ይሆናሉ፤ በሴቴዋ ቦታ ሌላ አበባ ይጀምራል፣ በውስጡም ሌላ። አጋመስ ዕድገቱን «እዚህ ላይ ቁም» የሚልም ነውና። ቢ ሲበላሽ ደግሞ ወንዴው ሴቴ ይሆናል።

በ2000 እ.ኤ.አ. ሴፓላታ የተባሉ ሦስት ጂኖች በዚህ መልስ ላይ ተጨመሩ። ሦስቱም ሴፓላታዎች አንድ ላይ ከተበላሹ አበባው ሽፋን ብቻ ይሆናል።

ቢ እና ሲ በብዙ ተክሎች ላይ ታይተዋል። ኤ ግን አከራካሪ ነው፤ ከአራቢዶፕሲስ ውጭ እንደተባለው አይሠራም የሚሉ አሉ።

የዱር ጽጌረዳ 5 ፔታል ነው ያላት። ከዝዋይና ከሆለታ ወደ ውጭ የሚጫነው ጽጌረዳ ግን ድርብርብ ነው፤ የአጋመስ ሥራ ወደ መሃል ስለጠበበ ወንዴ ይሆን የነበረው ፔታል ሆኗል። አንዱን እስከ ውስጥ ብትገልጡ፣ ጠርዙ ላይ የብናኝ ከረጢት የቀረበት፣ ግማሽ ፔታል ግማሽ ወንዴ የሆነ ነገር አታጡም።